በደሴና በኮምቦልቻ ቤት ለመግዛት ከደላላ ጋር ካፌ ሲቀጣጠሩ፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ቀብድ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አብዛኛው የቤት ደላላ ቢሮ የለውም። ቢሮው ስልኩና የሚያዘወትረው ካፌ ነው። ስለዚህ ቤት የሚፈልግ ሰው ስልክ እንደ ደወለ «እገሌ ካፌ ልምጣልዎ» ይባላል፤ ተገናኝተው ቡና ይታዘዛል፣ ወሬው ይሞቃል፣ ሻጩ ይጠራል፣ ከሁለት ሰዓት በኋላም ገዢው ቀብድ ከፍሎ ይወጣል። ያየውን ካርታ ያየው በስልክ ፎቶ ነው፤ የሻጩን ሚስት አላያትም፤ ለደላላው ስንት እንደሚከፍል አልተነጋገረም። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ መንገድ ስለሆነ ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን በዝርዝር ያስቀምጣል።

ሁሉንም ደረጃ የሚገዛው ደንብ አንድ ነው፦ በካፌ ጠረጴዛ ላይ ይነጋገሩ፣ ይተዋወቁ፣ ይቀጣጠሩ፤ ገንዘብ ግን አያውጡ፣ ፊርማም አያስቀምጡ።

ደረጃ 1፦ ከቀጠሮው በፊት የሚደረግ ዝግጅት

የገንዘብዎን ልክ አስቀድመው በወረቀት ይወስኑ። በእጅዎ ያለው ሁሉ ለቤቱ ዋጋ አይውልም፤ የደላላ ክፍያ፣ የውል ማረጋገጫ፣ የስም ማዞሪያና ከገቡ በኋላ የሚመጣ ጥገና ከዚያው ላይ ይነሣል። 4 ሚሊዮን ብር ካለዎት ለቤቱ ብቻ የሚመድቡት ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ ለደላላው የሚነግሩት ቁጥር ደግሞ ከመደቡት በታች ይሁን። ደላላ ጣሪያዎን ካወቀ ከጣሪያው በታች ያለ ቤት አያሳይዎትም። ይህ ክፋት አይደለም፤ ክፍያው በመቶኛ የሚሰላ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ሲል እርሱም ያተርፋል።

የሚፈልጉትን ቤት በሦስት ወይም በአራት መስመር ይጻፉ፦ ሰፈሩ፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የቤቱ ሥሪት ጭቃ ይሁን ብሎኬት፣ መኪና የሚገባበት መንገድ መኖር አለመኖሩ። ይህን ይዞ ያልመጣ ገዢ ደላላው በእጁ ያለውን ሁሉ ሲያሳየው ይውልና ደክሞት የመጨረሻውን ይገዛል።

አብሮዎት የሚሄድ አንድ ሰው ይምረጡ፤ ሁለትና ሦስት አይሁን። ባለትዳር ከሆኑ ባለቤትዎ ቢሆኑ ይመረጣል። የዚህ ሰው ሥራ መስማትና ማስታወስ ነው፤ በዋጋ ጉዳይ አፉን እንዳይከፍት ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ። «ቤቱማ በጣም ያምራል» የሚል አንድ ቃል ብዙ ብር እንደሚያስከፍል አይቻለሁ።

ይዘው የሚሄዱት ደብተር፣ ብዕር፣ መታወቂያና ለቡና የሚበቃ ገንዘብ ብቻ ነው። የባንክ ደብተር፣ ቼክ ወይም ጥሬ ገንዘብ አይያዙ። በስልክዎ ባንክ የሚያንቀሳቅሱ ከሆነም በዚያ ቀን ምንም ገንዘብ እንደማይልኩ ከአጃቢዎ ጋር ቃል ይግቡ። ይህን የሚያደርጉት ደላላውን ስላላመኑ አይደለም። ሰው በጨዋታ ሙቀት ውስጥ ሆኖ የራሱን ልክ ስለሚረሳ ነው።

ደረጃ 2፦ ካፌውንና ሰዓቱን እርስዎ ይምረጡ

ደላላው ቦታ ሲጠቁም «እኔ የሚቀርበኝ እዚህ ነው» ብለው በአክብሮት የራስዎን ይጠቁሙ። እርሱ በሚውልበት ካፌ አስተናጋጁም፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ያለውም ሰው የእርሱ ወዳጅ ነው። በጨዋታ መካከል «ያ ቤት ተሸጠ እንዴ? ሰውዬው እኮ ጠዋት መጥቶ ነበር» የሚል መንገደኛ ብቅ ሊል ይችላል፤ ተቀናቃኝ ገዢ አለ የሚል ስሜት የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው። ደላላው ማንንም በማያውቅበት ካፌ ውስጥ ይህን ማድረግ ይከብዳል።

ካፌ ሲመርጡ የሚከተሉትን ያስተውሉ።

- ወረቀት የሚነበብበት ብርሃን ይኑረው። በክረምት ደሴ ጉም ሲጥልባት ቀኑ ስለሚጨልም በመስኮት አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ይያዙ።
- ከመናኸሪያ አጠገብ ወይም ቴሌቪዥን ጮክ ብሎ ከሚሰማበት ይራቁ። ጮክ ብሎ የተነገረ ዋጋ ሰፈር ውስጥ ይደርሳል።
- ካፌ ይሁን እንጂ መጠጥ የሚሸጥበት ቡና ቤት አይሁን። አንድ ቢራ በገባበት ጠረጴዛ ላይ የተባለ ዋጋ ነገ «አላልኩም» ይባላል። ከዚያም በላይ ሻጩ ሙስሊም ሽማግሌ ወይም ሴት ከሆኑ እንደዚያ ያለ ቦታ መጥራት ነውር ነው።
- የመንገድ ዳር ጀበና ቡና ለመጀመሪያ ትውውቅ ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ሰውም ይዝናናል። በርጩማዎቹ ግን የተጠጋጉ ስለሆኑ ሰነድ አይዘረጋበትም።

ሰዓቱን በተመለከተ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ የተሻለ ጊዜ ነው፤ ካፌው ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ተነሥቶ ቤቱን በቀን ብርሃን ለማየትም ቀሪ ሰዓት አለ። ሰኞ በደሴ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱም ካፌውም ይጨናነቃል። ዓርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት የጁምዓ ሶላት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው ሌላውን ወገን እንዳላሰበ ይቆጠራል። እሑድ ጠዋትም ለቤተ ክርስቲያን ሰው አይመችም። በረመዳን ቀን ላይ ሙስሊም ሻጭን ወይም ደላላን ካፌ አይጥሩ፤ ወይ ቤቱ በር ላይ ተገናኙ፣ ወይ ከማፍጠሪያ ሰዓት በኋላ ይሁን። ረቡዕና ዓርብ ወይም በዐቢይ ጾም ጊዜ ማኪያቶ ከማዘዝዎ በፊት እንግዳዎ ጾመኛ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ይመስላሉ፤ ሆኖም ወሎ ውስጥ ሰው ቤቱን የሚሸጥለትን ሰው አመል አይቶ ነው ዋጋ የሚቀንሰው።

ሂሳቡን የጋበዘው ይክፈል። «እኔ ልክፈል» «አይሆንም» የሚለው ትግል በእኛ ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ቀድመው ደርሰው ለአስተናጋጁ ሂሳቡ የእርስዎ መሆኑን ይንገሩት። ደላላው በየቀጠሮው እየከፈለ ሲሄድ ውለታ ይከማቻል፣ «አይ፣ ይህ ቤት አልተስማማኝም» ማለትም ይከብዳል።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ከደላላው ጋር ብቻ

በዚህ ቀጠሮ ሻጭ አይኑር። ደላላው ሻጩን ይዞ ቢመጣ ሰላም ብለው፣ ቡና ጋብዘው፣ ስለ ዋጋ አንድ ቃል ሳያነሡ ለሌላ ቀን ይቀጠሩ።

ጥያቄዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ይጠይቁና መልሶቹን ፊቱ እያየ በደብተር ይጻፉ።

1. «ቤቱን ከባለቤቱ በቀጥታ ነው የያዙት ወይስ ከሌላ ደላላ?» ይህ ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ነው። አንድ ቤት በሦስት ደላላ እጅ ተላልፎ ሊደርስዎ ይችላል፤ በመጨረሻም ሦስቱም ድርሻ ይጠይቃሉ።
2. «ባለቤቱ በራሳቸው ስም ካርታ አላቸው? የውርስ ቤት ነው? በውክልና የሚሸጥ ነው?»
3. «ባንክ ይዞታል ወይ? በፍርድ ቤት ክርክር አለበት ወይ?»
4. «ክፍያዎ ስንት ነው፣ ከማን ከማን ነው የሚወስዱት፣ መቼ ይከፈላል?»

አራተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ያፍረዋል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ደላላው የሚኖርበት ሥራ ነው። ከሻጭ ብቻ ይወስዳል፣ ከገዢ ብቻ ወይስ ከሁለቱም? በመቶኛ ነው ወይስ በቁርጥ? የእኔ ምክር ክፍያው ውሉ በሕግ ፊት ከተረጋገጠ በኋላ እንዲሆን፣ ከተቻለም ከፊሉ ስም እስኪዞር እንዲቆይ ነው። ስምምነቱን በአጭር ወረቀት ጽፈው በሁለት ኮፒ ለመፈራረም ሌላ ቀን ይያዙ፤ ካልፈለገም ቢያንስ በስልክ መልእክት ጽፈው ይላኩለትና «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ ያግኙ።

*ይህ ደረጃ ሲበላሽ፦* ደላላው የማሳያ ክፍያ ከጠየቀ የትራንስፖርቱን ይሸፍኑለት፤ ከዚያ በላይ አይክፈሉ። ሰፈሩን አልናገርም ካለ አይቆጡት፤ ብዙ ደላላ ቤቱን ካሳየ በኋላ ገዢና ሻጭ ተደብቀው ጨርሰውበታል፣ ስለዚህ መጠንቀቁ ተገቢ ነው። በአጃቢዎ ፊት «እርስዎ ባገናኙኝ ቤት እርስዎን አልፌ አልገዛም» ይበሉትና ቃልዎን ይጠብቁ። ያገናኘዎትን ሰው መዝለል በደል ነው፤ በሥራም ቢሆን አያዋጣም፣ የተዘለለ ደላላ በማግሥቱ ሌላ ገዢ ይዞ የሻጩን በር ያንኳኳልና። «ዛሬ ካልወሰኑ ነገ ያልቃል» ካለዎት ደብተርዎን ይዝጉና «እንግዲያው ለሌላው ዕድል ይሁንለት» ብለው ይነሡ። ቤቱ ካልተሸጠ ራሱ ይደውላል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ከከተማ ዳር «ባዶ ቦታ በርካሽ» የሚል አቅርቦት በካፌ በብዛት ይሰማል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጠው በመሬቱ ላይ ያለው ቤት ነው። የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር አውጥቶ «ይኸው ካርታው» የሚልዎት ሰው የከተማ ቤት እየሸጠልዎት አይደለም። ቡናዎን ጨርሰው ይሂዱ።

ደረጃ 4፦ ቤቱን ማየት

ይህን ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ አይለፍ። ደሴ በጦሳና በአዝዋ መካከል ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፣ የመሬት መንሸራተትም የታወቀ ችግሯ ነው። በግድግዳ ላይ ሰያፍ ስንጥቅ፣ ያዘመመ የድንጋይ ድጋፍ፣ ከላይኛው ግቢ የሚወርድ ጎርፍ መውጫ ማጣት ካዩ በክረምት ዳግም ሳያዩ አይግዙ። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ስለሆነች ጥያቄው ይለወጣል፤ እዚያ የቦርከና ውኃ በክረምት እስከ የት እንደሚደርስ ጎረቤት ይጠይቁ።

ቤቱን አይተው እንደወጡ በቀጥታ ካፌ ገብተው ዋጋ አይነጋገሩ። አንድ ሌሊት ይደርበት።

ደረጃ 5፦ ከሻጩ ጋር መቀመጥ

አሁን ሦስት ወገን በአንድ ጠረጴዛ ይገናኛል። ሻጩ በዕድሜ የሚበልጡ ከሆነ ወንበሩን ለእርሳቸው ያመቻቹ፤ «ሐጂ»፣ «ጋሼ»፣ «እትዬ» ብለው ይጥሯቸው፤ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ሳይጠይቁ ወደ ጉዳዩ አይግቡ። ይህ ማለፊያ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ስለ ልጆች ሲጠይቁ ስንት ወራሽ እንዳለ፣ ማን ዓረብ ሀገር እንዳለ፣ እማወራዋ በሕይወት መኖራቸውን ያለ ምርመራ ይሰማሉ፤ የሰሙትም ሁሉ ለሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልግዎታል።

ከዚያ ሰነዶቹን ይጠይቁ፤ ሻጩም አስቀድመው ይዘው እንዲመጡ በደላላው በኩል ይንገሯቸው።

- ዋናው ካርታ። ፎቶው ወይም ኮፒው አይበቃም።
- የሻጩ መታወቂያ፤ ስሙ ከካርታው ጋር በፊደል ሳይቀር መመሳሰል አለበት።
- የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ። ባለትዳር ከሆኑ ሁለቱም ባልና ሚስት መገኘት አለባቸው፤ በትዳር የተፈራ የማይንቀሳቀስ ንብረት በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም።
- የቤትና የቦታ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የመብራትና የውኃ ደረሰኝ።

ዋናውን ካርታ በእጅዎ ይዘው ቁጥሩን፣ የባለቤቱን ስም፣ የቦታውን ስፋትና አዋሳኞቹን በደብተር ይገልብጡ። ፎቶ ማንሣት ከፈለጉ ያስፈቅዱ። እንደጨረሱ ወዲያው ይመልሱ፤ የሰው ካርታ በካፌ ጠረጴዛ ላይ ቡና ከፈሰሰበት ኀላፊነቱ የእርስዎ ነው፣ ስለዚህ ስኒዎቹ ተነሥተው ይሁን።

ቀጥሎ ደላላው ባለበት ሻጩን «ደላላችን የነገሩኝ ዋጋ ይህ ነው፤ እርስዎም ያሉት ይኸው ነው?» ብለው ይጠይቁ። አንዳንድ ደላላ ባለቤቱ ከጠየቁት በላይ ጨምሮ ልዩነቱን ለራሱ ይወስዳል፣ ሻጩና ገዢው እንዳይነጋገሩም ይጥራል። ጥያቄው በግልጽና በለሰለሰ ድምፅ ሲቀርብ ማንንም ሳያዋርድ ነገሩን ያጠራዋል።

የውርስ ቤት ከሆነ። ወሎ ውስጥ ብዙው የሚሸጥ አሮጌ ቤት የአባት ወይም የእናት ቤት ነው። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት፣ ወይም ወራሾቹ በፈቃዳቸው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄደው ከሆነ ከዚያ የተሰጠ መሆኑን ይዩ። በውሳኔው ላይ ስማቸው የተጻፈ ሁሉ ይፈርማሉ። «እኅታችን ሪያድ ናት፣ ተስማምታለች» የሚል ቃል ፊርማ አይሆንም፤ እርስዋ ውክልና ትላክ።

በውክልና የሚሸጥ ከሆነ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ «ጉዳዬን ሁሉ ያስፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ቤት የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። ወካዩ በሕይወት መኖራቸውንና ውክልናው አለመሻሩን ውክልናው ከተመዘገበበት ቢሮ ያረጋግጡ። ከካፌው ሳይነሡ ወካዩን በቪዲዮ ደውለው ቢያነጋግሩ ደግሞ ጥሩ ነው።

*ይህ ደረጃ ሲበላሽ፦* ሻጩ ካርታውን ረሳሁት ቢሉ አይጠራጠሩ፣ ዋጋም አይነጋገሩ፤ ሌላ ቀን ይያዙ። ሁለት ጊዜ ከረሱ ግን ካርታው ወይ ባንክ ነው፣ ወይ የለም። ሚስትየው «አይመቻትም» ከተባለ እርስዎ ወደ ቤታቸው ይሂዱ።

እንዲያውም ሻጩ «ቤት ኑና ቡና ጠጡ» ካሉ ግብዣውን አይለፉት። አቦል ጠጥቶ መነሣት ስለማያምር እስከ በረካ ለመቆየት ጊዜ ይያዙ። ጎረቤቶች ለቡና ይመጣሉ፤ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በአጥር ምክንያት ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው ክፍል መቼ እንደተሠራ በጨዋታ መካከል ይነሣል። ከየትኛውም ካፌ ይልቅ ስለ ቤቱ እውነቱን የሰማሁት በእንደዚህ ያለ ቤት ነው። እርስዎ ብዙ አይናገሩ፤ ዋጋም በሰው ፊት አያንሡ።

ደረጃ 6፦ ከካፌ ወጥቶ ማጣራት

የገለበጡትን የካርታ ቁጥር ይዘው ከሻጩ ጋር ወደ ከተማው የመሬት ይዞታ ቢሮ ይሂዱ። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ማኅደሩ በማን ስም ነው፣ ዕዳ ወይም የባንክ መያዣ አለበት ወይ፣ የፍርድ ቤት እግድ አለበት ወይ። ሻጩ ማመልከቻ መጻፍ ካለባቸው ይጻፉ። ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ የቀረው የሊዝ ክፍያ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው አብረው ይጠይቁ።

አንድ ዘመዴን አጅቤ የሄድኩበት ግዢ የፈረሰው በዚህ ደረጃ ነው። ካፌ ውስጥ ሁሉ ነገር ያማረ ነበር፤ ሻጩ ጨዋ፣ ደላላው ትሑት፣ ካርታው ዋናው። ቢሮ ስንደርስ ቤቱ በወንድማማቾች ክርክር ታግዶ ተገኘ። ሻጩ ራሳቸው እግዱን አያውቁም ነበር ብዬ አምናለሁ። ቀብድ ስላልተከፈለ ዘመዴ የከሰረው የቡና ሂሳብ ብቻ ሆነ።

*ማስጠንቀቂያ፦* «ቢሮ ሰው አለኝ፣ እኔ አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ለሚል ደላላ አመስግነው ራስዎ ይሂዱ።

ደረጃ 7፦ ዋጋ መነጋገር

ሰነዱ ከጠራ በኋላ ወደ ካፌው ይመለሱ። በዚህ ቀን አንድ ሽማግሌ ወይም ሁለቱንም ወገን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፤ በወሎ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሲደርቁ መካከለኛ ሰው «እስቲ ለእኔ ብላችሁ» ብሎ ሁለቱንም ያላላል።

የመጀመሪያውን ቁጥር ሻጩ ይናገሩ። እርስዎ የሚሰጡት ዋጋ ምክንያት ይኑረው፦ ያዩት ስንጥቅ፣ የሚሠራ ጣሪያ፣ የቀረ የሊዝ ዕዳ። ምክንያት የሌለው ቅናሽ ሰውን ያስቀይማል፤ ቤቱ ሻጩ ልጅ ያሳደጉበት መሆኑንም አይርሱ። ሦስት ጊዜ ሰጥተው ሦስት ጊዜ ካልተቀራረባችሁ ዝም ብለው ቡናዎን ይጠጡ፣ ቀጥሎም «አላህ ያለው ይሆናል» ወይም «እግዚአብሔር ያለው ይሆናል» ብለው በሰላም ይነሡ። በጭቅጭቅ የተለያየ ሰው ተመልሶ አይደውልም።

በተስማማችሁበት ደቂቃ ቁጥሩን በፊደልም በአኀዝም በደብተር ይጻፉ፤ በዚያው ገጽ ላይ የስም ማዞሪያውንና ሻጩ ላይ የሚመጣውን ግብር ማን እንደሚከፍል፣ ቤቱን መቼ እንደሚያስረክቡ፣ ተከራይ ካለ ማን እንደሚያስወጣ ይጻፉ። ለሁሉም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። አይፈርሙ።

*ማስጠንቀቂያ፦* በውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ የሚል ሐሳብ ከተነሣ እምቢ ይበሉ። ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ነገ ውሉ ቢፈርስ ማስመለስ የሚችሉት የተጻፈውን ነው።

ደረጃ 8፦ ቀብድ

እጅ የሚጨባበጡበት ሰዓት አደገኛው ሰዓት ነው። «ለመተማመኛ ትንሽ ነገር ጣል ያድርጉ» ይባላል። መልስዎ «አብረን ባንክ እንሂድ» ይሁን።

መጀመሪያ ሕጉን ይወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ «ቀብድ» የሚለው ቃል በቀላሉ የሚጻፍ አይደለም። ሌላ ገዢ ሲመጣ ሻጩ እንዳይሄዱ የሚይዝልዎት እርሱ ነው፤ ሐሳብዎን ቢለውጡም የሚያስከስርዎት እርሱ ነው። ሊያጡት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይስጡ።

በሁለተኛ ደረጃ የካፌ ወረቀት የቤት ሽያጭ ውል እንደማይሆን ይወቁ። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲሆን ያዝዛል። በሁለት ምስክር ፊት ጠረጴዛ ላይ የተፈረመ ወረቀት ይዞ ቤት ገዝቻለሁ ብሎ መከራከር እጅግ ደካማ መሠረት ነው።

ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

1. ከተቻለ ቀብዱን ጨርሶ ይዝለሉትና ውሉን በቀጥታ በማረጋገጫ ቢሮ (ውልና ሰነድ በሚያረጋግጠው የመንግሥት ቢሮ) ይፈርሙ። ሰነድ ከጠራ የሚጠብቁት ቀናት ጥቂት ናቸው።
2. ቀብድ የግድ ከሆነ ወረቀቱ የሁለቱን ወገን ሙሉ ስም፣ የካርታውን ቁጥር፣ ጠቅላላ ዋጋውን፣ የቀብዱን መጠን፣ ውሉ የሚፈረምበትን የመጨረሻ ቀን ይያዝ። «ቤቱ ዕዳ ወይም እግድ ከተገኘበት ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይጨመር። ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ፤ ምስክሮች ከሁለት አያንሱ፣ ደላላው ከሁለቱ አንዱ አይሁን።
3. ገንዘቡ በካርታው ላይ ስሙ ወዳለው ሰው የባንክ ሒሳብ ይግባ። በማዘዣው ላይ «የቤት ቀብድ» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፍ። በደላላው ሒሳብ፣ በሻጩ ወንድም ሒሳብ ወይም በጥሬ ገንዘብ በጭራሽ አይሁን።
4. የባንኩን ደረሰኝ ከወረቀቱ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።

*ይህ ደረጃ ሲበላሽ፦* ቀብድ ከፍለው ከቆዩ በኋላ እግድ ወይም ሌላ ባለቤት ከተገኘ ሻጩን በካፌ ለመለማመጥ ሳምንታት አያባክኑ። በጽሑፍ የመመለሻ ጥያቄ ይስጡ፣ መልእክቶችንና ደረሰኞችን ይሰብስቡ፣ ሽማግሌ ይላኩ፤ በተወሰነ ቀን ካልተመለሰ ወደ ጠበቃ ይሂዱ። ካርታው ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ የወንጀል ስለሆነ በዚያው ቀን ለፖሊስ ያመልክቱ።

ገዢው ዓረብ ሀገር ያለ ሰው ከሆነ

በጂዳ፣ በዱባይ ወይም በቤይሩት ለፍታ ያጠራቀመች እኅት ገንዘብ ልካ እርስዎ ካፌ የምትቀመጡ ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ ያ ገንዘብ የስንት ዓመት ዕንቅልፍ እንደሆነ እርስዎ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። ገንዘቡ በእርስዋ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጥ እንጂ በእርስዎ ኪስ ወይም በደላላ እጅ አይደር። የመግዛት ውክልናውን ባለችበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ትስጥ፤ ካርታውም በእርስዋ ስም እንዲዞር በውክልናው ውስጥ ይጻፍ። ከሻጩ ጋር በምትቀመጡበት ቀን በቪዲዮ ትግባና ሻጩን ራስዋ ትጠይቅ፤ የሰዓት ልዩነቱንና የሥራ ሰዓትዋን አስቀድመው ይጠይቁ። በስልክ የተባለውን ሁሉ በዚያው ማታ በጽሑፍ ይላኩላት።

ደረጃ 9፦ ውሉ ከተፈረመ በኋላ

ውሉ በማረጋገጫ ቢሮ ከተፈረመ በኋላ ስም ማዞሩን አያዘግዩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2878 መሠረት ሽያጩ በንብረቱ መዝገብ ላይ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ አይሆንም፤ ማለትም ለሻጩ ያበደረ ሰው ነገ ቤቱን ሊያሳግድ ይችላል። ከዋጋው የተወሰነ ክፍል ስም እስኪዞር እንዲቆይ በውሉ ውስጥ አስቀድመው ያስገቡ።

የደላላውን ክፍያ በተስማማችሁበት ቀንና መጠን ሳያጓትቱ ይክፈሉ። በባንክ ይላኩለት፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ባደረጋችሁበት ካፌ ጠርተው «ከዚህ ቤት ሽያጭ የሚቀረኝ ክፍያ የለም» የሚል ወረቀት ያስፈርሙት። በሰንሰለቱ ውስጥ ሌሎች ደላላዎች ከነበሩ ስማቸው በዚሁ ወረቀት ላይ ይጻፍና የእነርሱን ድርሻ የሚከፍለው እርሱ መሆኑ ይገለጽ። ወረቀቱን ከካርታው ጋር ያስቀምጡ።